«ተቆረጥሽ እንዴ?»

ፀጉሯን ያሳጠረች ሴት ብዙ ጊዜ ከፀጉር ቤቱ ሳትወጣ ፎቶ ትነሳለች። ፎቶው የጓደኞች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሲደርስ ከአዳማ፣ ከዱባይና ከዋሽንግተን የልብ ምልክትና «አምሮብሻል» ይጎርፋል። ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይመለሳል።

በእኛ አገር ግን ፀጉር ወሬ ይናገራል። የሕፃን ኩንቾ፣ የልጃገረድ ሳዱላ፣ የአርበኛ ጎፈሬ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ያስታውቁ ነበር። ሐዘን የደረሰባት ሴትም ፀጉሯን ትቆረጥ ወይም ትላጭ ነበር፤ ዛሬም ይህን የሚያደርጉ አሉ። ለውበት የተቆረጠና በሐዘን የተቆረጠ ፀጉር ደግሞ በስልክ ፎቶ ላይ አይለይም።

ባለፈው ዓመት በዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን ልጆች ግሩፕ ላይ የሆነው ይህ ነው። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛችን እስከ ጆሮዋ የተቆረጠ ፀጉሯን ላከች። ግሩፑ አደነቀ። ዱባይ የምትሠራው ጓደኛችን ግን ለብቻዋ ደወለችላትና «ማዘር ደህና ናቸው?» አለቻት።

እናቷ ደህና ነበሩ። ደህና ያልነበረችው ራሷ ናት። ከወለደች አምስት ወሯ፣ ወደ ሥራ ከተመለሰች ሁለት ወሯ ነበር። ባለቤቷ ፊልድ ላይ ነው፤ ሞግዚት አልተገኘም፤ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ፀጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ሲያስቸግራት ነው ያስቆረጠችው። ያን ምሽት አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። ወሬው በእሷው ፈቃድ ሲደርሰን፣ አዲስ አበባ ያለን አራት ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ ገብተን ሕፃኑን መያዝ ጀመርን።

የፀጉሩ ነገር በራሱ ብዙ ጊዜ የሚያስፈራ አይደለም። በእርግዝና ወቅት ሆርሞን ፀጉር ቶሎ እንዳይረግፍ ያደርጋል፤ ከወሊድ በኋላ ሆርሞኑ ሲቀንስ በሦስተኛው ወር ገደማ መርገፍ ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ይመለሳል። ካልተመለሰ፣ ወይም ከባድ ድካም ካለበት የብረት እጥረት ወይም የታይሮይድ ችግር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት ይገባል።

እኔ በምሠራበት የማርኬቲንግ ሙያ አንድን ማስታወቂያ ስንት ሰው እንደወደደውና ስንት ሰው ጥያቄ እንደጠየቀበት ለየብቻ እንቆጥራለን። የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ ሱቅ ድረስ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ጓደኝነትም ከዚህ አይርቅም።

ስለዚህ ቀጥሎ የጓደኛ አዲስ ፀጉር ሲያዩ፦

«አምሮብሻል» ካሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ። «ምን አስቆረጠሽ?» የሚለው በልብ ምልክት አይመለስም። ጥያቄውን ግሩፑ ላይ ሳይሆን ለብቻዋ ይላኩት፤ በሃያ ሰው ፊት «ደክሞኛል» የሚል ጥቂት ነው።

ሰዓቱንም ያስሉ። ዱባይ ከእኛ የምትቀድመው በአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ወይም 7 ሰዓት ነው። ልጆች ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል መደወል ይቻላል።

ፎቶውን የሚልኩት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ሁለት ቃል ይጨምሩበት። «ሰላም ነው፣ ሙቀቱ አማሮኝ ነው» ማለት ሩቅ ያለን ሰው ከድንጋጤ ያድናል። ነገሩ ሐዘን ከሆነ ግን ፎቶው ይቆይ። ውጭ አገር ላለ ዘመድ መርዶ የሚነገረው ወዳጆች ቤቱ ተሰብስበው፣ አጠገቡ ሆነው ነው። የእህቱን የተላጨ ራስ ሥራ ቦታ፣ ብቻውን ቆሞ በስልኩ ሊያየው አይገባም።

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። እስከ ጆሮ የተቆረጠው ትከሻ እስኪደርስ ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ በዚያ መሀል ደግሞ ደጋግሞ ለመደወል ብዙ ምሽት አለ።