በከተማ መናፈሻ ያረጁ ዛፎች አያያዝ

በከተማ መናፈሻ ውስጥ ለሚገኝ ያረጀ ዛፍ የሚደረግ እንክብካቤ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መጋዝና መሰላል ቢሆንም፣ የሥራው ትልቁ ክፍል የሚከናወነው መሬት ላይ፣ ለሥሩ ሲባል ነው። ውሃና ማዕድን የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው የላይኛው አፈር ውስጥ የሚገኙ ሲሆን፣ ወደ ጎን ግን የቅርንጫፎቹን ጥላ አልፈው ርቀው ይዘረጋሉ። ሥር ደግሞ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባሉ ጥቃቅን ክፍተቶች ያለውን አየር ይተነፍሳል። በአዲስ አበባ መናፈሻዎች እንደሚታየው፣ ሠርገኛ ለፎቶግራፍ ሲሰበሰብ፣ ጎብኚ በጥላው ሥር ሲቀመጥና ዕቃ የጫነ መኪና እስከ ግንዱ ሲጠጋ አፈሩ እየተጠቀጠቀ እነዚህ ክፍተቶች ይደፈናሉ፤ የክረምቱም ዝናብ ወደ ውስጥ መስረጉ ቀርቶ በላዩ ይፈስሳል። ጉዳቱ የሚገለጠው ግን ከዓመታት በኋላ የዛፉ አናት መድረቅ ሲጀምር በመሆኑ፣ መንስኤውን የሚያስታውስ ሰው እምብዛም አይገኝም።

ለዚህ ችግር ቀላሉና ፍቱኑ መድኃኒት ጉዝጓዝ ነው፤ ይኸውም የተከተፈ እንጨትና የረገፈ ቅጠል ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው አድርጎ በዛፉ ዙሪያ ማልበስ ሲሆን፣ እርጥበት ቅርፊቱን እንዳያበሰብሰው ከግንዱ ጥቂት መራቅ አለበት። ቅጠሉን በየጠዋቱ ጠርጎ ማቃጠል ግቢውን ንጹሕ ቢያስመስለውም፣ ለዛፉ ሊመለስ የሚገባውን ምግብ ያሳጣዋል። በአቅራቢያው የኮብልስቶን ንጣፍ ወይም የውሃ ቧንቧ ቦይ የሚሠራ ከሆነም ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የሥሩ ክልል በአጥር ሊከለል ይገባል፤ የብሪታንያ የግንባታ ደረጃ የዚህን ክልል ራዲየስ ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ የተለካው የግንድ ዲያሜትር በ12 ተባዝቶ የሚገኘው ርቀት እንዲሆን ስለሚወስን፣ ዲያሜትሩ 80 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ዛፍ ክልሉ በየአቅጣጫው 9.6 ሜትር ይደርሳል ማለት ነው።

መግረዝን በተመለከተ የዛሬው ዕውቀት መሠረት የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበሩት አሌክስ ሺጎ ናቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን ሰንጥቀው የመረመሩት እኚህ ሰው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዱት፣ የዛፍ ቁስል እንደ ሰው ቁስል በአዲስ ሥጋ አይተካም፤ ዛፉ የተጎዳውን እንጨት በኬሚካላዊ ግድግዳ ከልሎ በላዩ አዲስ እንጨት ያበቅላል እንጂ። ስለዚህ እያንዳንዱ የመጋዝ ምት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በውስጡ ይኖራል። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ የሚታየው ቀለበት መሰል እብጠት የመከላከያው መነሻ በመሆኑ፣ መቆረጥ ያለበት ከእብጠቱ ወጣ ብሎ ነው፤ ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መላጨትም ሆነ ረጅም ጉቶ መተው ለመበስበስ በር ይከፍታል። ቁስሉን ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባት ደግሞ መበስበስን አይከለክልም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት አናትን መጎንደል ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ከጉቶው ደጋግሞ ማቆጥቆጡ፣ ዛፍ ሁሉ ቢቆረጥ መልሶ ያድጋል የሚለውን እምነት በከተማው ሳያሰርጽ አልቀረም፤ ጽድ ግን ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ከተጎነደለ በኋላ በሚያቆጠቁጥ ዛፍ ላይም ቢሆን አዳዲሶቹ ቅርንጫፎች የሚያያዙት በውጨኛው እንጨት ላይ ብቻ በመሆኑ፣ ሲከብዱ በነፋስ ይገነጠላሉ፤ አደጋን ለመቀነስ የተደረገው ቆረጣም አደጋ ይወልዳል።

ከክረምት በኋላ የሚደረግ ምርመራ በግንዱ ግርጌ የበቀለ እንጉዳይ፣ አዲስ ስንጥቅ ወይም በሥሩ ዙሪያ የተነሣ አፈር መኖር አለመኖሩን ያያል። የግንዱ መሃል መቦርቦሩ ብቻውን ዛፉን ለመጣል በቂ ምክንያት አይደለም፤ ውሃ የሚያሳልፈው የውጨኛው እንጨት ሲሆን፣ ጤነኛው ግድግዳ በቂ ውፍረት እስካለው ድረስ ክብደቱንም ይሸከማል፤ ቦርቦሩም ለአእዋፍና ለንብ መኖሪያ ይሆናል። ጥርጣሬ ሲኖር ሙሉውን ዛፍ ከመቁረጥ በፊት ከባዱን ቅርንጫፍ ማሳጠር፣ ከዚያም የእግር መንገዱንና አግዳሚ ወንበሩን ከሥሩ አርቆ ዙሪያውን በዝቅተኛ አጥር መከለል የሚቻል ሲሆን፣ እንዲህ የተያዘ ዛፍ በየዓመቱ እንደገና ይመረመራል።