በየጠዋቱ ቀን የሚረሳው ላፕቶፕ

ማስረከቢያው ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። ሌሊት የሄደው መብራት የመጣው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ላፕቶፔን ከፍቼ ለደንበኛዬ ጽሑፉን ልልክ ስል ኢሜይሌ አልከፈት አለኝ። ክሮም ማስጠንቀቂያ ይደቅንብኛል፤ እኔ ሳላነበው እዘጋዋለሁ። ዋይፋይ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁ። ለካ ማስጠንቀቂያው «ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል» ነው የሚለው! ቀኑን ሳየው በፈረንጅ ጥር 1 ቀን 2016 ይላል፤ ስምንት ዓመት ወደኋላ። ጓደኛዬ «ላፕቶፕሽ በሐበሻ መቁጠር ጀመረ በይኛ» ብላ ሳቀችብኝ።

ጽሑፉን ያስረከብኩት 40 ደቂቃ አርፍጄ ነው። ደንበኛው ምንም አላለኝም፤ ቀጣዩን ሥራ ግን ለሌላ ሰው ሰጠ።

ቀንና ኢንተርኔት ምን አገናኛቸው? እያንዳንዱ አስተማማኝ ድረ ገጽ እንደ መታወቂያ የሚያሳየው ሰርተፊኬት አለው፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። 2016 ላይ ለቆመ ኮምፒውተር ዘንድሮ የወጣ መታወቂያ ገና ጊዜው ያልደረሰ ነው። ስለዚህ አያስገባም።

ቀኑን በእጄ አስተካከልኩ። መብራት ሲሄድ ተመልሶ ጠፋ። ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ሳይከፍቱት «ማዘርቦርዱ ነው፣ 14 ሺህ ብር» አሉኝ። ኢኮኖሚክስ ስማር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ የጻፈውን ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው ይበላሻል ይላል። ሰውዬው በ2001 ኖቤል ተሸልሟል። እኔ ደግሞ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ቀብድ ልከፍል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፕ ሲጠፋም ውስጡ ያለች ትንሽ ሰዓት መቁጠሯን አታቆምም። በብዙዎቹ ላይ እሷን የምታቆየው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት፤ ብዙ ጊዜ ሲአር2032 ትባላለች። ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2። የእኔ ላፕቶፕ ያገለገለ ስለሆነ ዋናው ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ በቻርጀር ብቻ ነው የሚሠራው። መብራት ሲሄድ ሸክሙ በሙሉ እሷ ላይ ይወድቃል። እሷም ስትደክም ቀኑ ይጠፋል።

እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ላፕቶፑ ሲነሳ ባዮስ ውስጥ ግቡ (በብዙዎቹ ኤፍ2 ወይም ዲሊት ነው)፣ ቀኑን አስተካክሉ፣ አጥፉት፣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ጠዋት ዊንዶውስ ሳይነሳ ባዮሱን እዩ። እዚያው ቀኑ ከጠፋ ጥርጣሬው ባትሪዋ ላይ ነው። ባዮሱ ልክ ሆኖ ዊንዶውስ ብቻ ከተሳሳተ የሰዓት ቀጠናውን እዩ፤ ለእኛ የሚሆነው ናይሮቢ የሚለው ነው። ስህተቱ ልክ ሦስት ሰዓት ከሆነና ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስ ከጫናችሁ ደግሞ ባትሪ አትግዙ። ሊኑክስ የውስጡን ሰዓት እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ያነበዋል፣ ዊንዶውስ እንደ አገር ሰዓት፤ በመሃል ያለው ልዩነት ሦስት ሰዓት ነው። (ስድስት ሰዓት ከሆነ ግን ብልሽት አይደለም፤ የእኛ አቆጣጠር ነው።)

ባትሪዋን መቀየር ከባድ አልነበረም። አጠፋሁ፣ ቻርጀሩንም ዋናውን ባትሪም ነቀልኩ፣ የኋላ ሽፋኑን ፈታሁ፣ አቀማመጧን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ባትሪዋ ሽቦና መሰኪያ አላት፤ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለችም፣ ሰዓቱ የሚኖረው በዋናው ባትሪ ነው። ዲስካችሁ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን ቀድማችሁ ያዙ፤ ሊጠይቃችሁ ይችላል። አሮጌዋን ባትሪ ሕፃን በማያገኝበት አስቀምጡ፤ ከተዋጠች ጉሮሮ ታቃጥላለች።

አዲሷን የገዛሁት ከሰዓት ሠሪ ነው፣ በ150 ብር። ትናንት ማታ መብራት ሄደ። ጠዋት ስከፍተው ቀኑ የዛሬ ነው። ያንን ደንበኛ ዛሬ በድጋሚ ጽፌለት መልስ እየጠበቅኩ ነው።