የቱርቦ ግፊት ሲጨመር ሞተሩም አብሮ ሊስተካከል ይገባል

ከጂቡቲ ወደብ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ የናፍጣ መኪና 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ሲደርስ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ከነበረው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህም ኃይል የጎደለው ባለመኪና የቱርቦው ግፊት እንዲጨመርለት መካኒኩን ያዛል።

ነገር ግን አየር ብቻውን ኃይል አይሆንም። ናፍጣው በአየሩ ልክ እንዲጨመር ፖምፓው መስተካከል አለበት። ናፍጣው ከልክ ካለፈ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ የጭሱም ሙቀት ፒስተን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ደግሞም አየር ሲታመቅ ይግላልና ኢንተርኩለሩ መጽዳት፣ የሲሊንደሩም ግፊት ስለሚያይል ናፍጣው የሚረጭበት ጊዜ በፋብሪካው መመሪያ መሠረት መመርመር ይገባዋል። በስስ አየር ውስጥ ቱርቦው ራሱ አብዝቶ ስለሚሽከረከር፣ ፋብሪካው ከወሰነው ፍጥነት ማለፍ ዕድሜውን ያሳጥራል።

የአሠሪዬ አንድ መኪና ግፊቱም ናፍጣውም ያለ ልክ ተጨምሮለት፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ፒስተኑ ቀለጠ። የጥገናው ሒሳብ ከጉዞው ትርፍ እጅግ በለጠ። እንግዲህ ክቡራን ነጋዴዎች ሆይ፣ ግፊቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር፤ በየጊዜውም መኪናው ተጭኖ በዳገት ላይ የጭሱ ሙቀት በመለኪያ ይታይ። ኃይልን በልክ የገዛ ሰው መኪናውንም ትርፉንም ይጠብቃል።