እንቁራሪት ከሰማይ አትወርድም

የክረምቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ የእንጦጦን ግርጌ ባረሰረሰ ማግስት፣ ጭር ብሎ የከረመው የየካ ሜዳና ወንዝ ዳር በእንቁራሪት ጩኸት ይሞላል። በጋውን ሙሉ አንዲት እንኳ ያላየ ሰው «ከዝናቡ ጋር ወረዱ» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን የወረደች የለችም፤ ከመሬት ወጡ እንጂ። ለፕቶፔሊስ ግራሚኔየስ የምትባለው የኢትዮጵያ ደገኛ እንቁራሪት አብዛኞቹ ወገኖቿ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ሆነው ሳለ እሷ አፈር ቆፋሪ ናት። የኋላ እግሯ ሥር እንደ አካፋ ጠርዝ የጠነከረ ጉብታ አለ። በእሱ አፈሩን እየገፋች ወደ ኋላዋ ትሰምጣለች፤ እርጥበቱ ሲመለስ ትወጣለች። ከ1,900 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 3,900 ሜትር ከፍታ ድረስ ትኖራለች፤ የአዲስ አበባና የእንጦጦ ከፍታም እዚሁ መካከል ነው።

እንቁራሪት ወይም ጉርጥ የነካ ሰው ኪንታሮት ያወጣል መባሉም ሐሰት ነው። የቆዳ ኪንታሮት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ያመጣው ነው። የጉርጥ ጀርባ ላይ ያለው እብጠት ዕጢ ነው፤ የሚያወጣው ፈሳሽ ዓይን ስለሚያቃጥል እጅን መታጠብ በቂ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው «እንቁራሪት የትም ሞልቷል፤ አያልቅም» የሚለው እምነት ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህችን ቆፋሪ እንቁራሪት ስጋታቸው ዝቅተኛ ከሆኑት ተርታ መድቧታል፤ ከስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ በሰፊው ትገኛለችና። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን በዚህ አንድ ስም ሥር እርስ በርስ የተራራቁ በርካታ የዘር ሐረጎች እንዳሉ አሳየ። የደጋው የሣር እንቁራሪቶችም ታሪክ ተመሳሳይ ነው፦ ፕቲካዴና ኒውማኒ በሚል ስም ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ከታዩት መካከል እ.ኤ.አ. በ2021 አራት አዳዲስ ዝርያዎች ተለይተው ተሰየሙ። ሰፊ የመሰለው ግዛት ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ዝርያ የሚደርሰው ጥቂት ተራራ ወይም አንድ ሸለቆ ብቻ ሊሆን ይችላል። በስም ሳይለይ የጠፋን ዝርያ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

«አያልቅም» የሚለው እምነት ስሕተት ለመሆኑ ባሌ ምስክር ነው። በሐረና ደን ቀድሞ በብዛት ትገኝ የነበረችው የኦስጉድ ጉርጥ በኋላ በተደረጉ ተደጋጋሚ ፍለጋዎች ልትገኝ አልቻለችም፤ ዛሬ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተመድባለች። የእንቁራሪቶችን ቆዳ የሚያጠቃው ካይትሪድ የተባለ ፈንገስም በኢትዮጵያ ደጋ በብዙ ቦታ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘግቧል። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ግምገማ ከእንቁራሪትና ወገኖቿ 41 በመቶው ለመጥፋት አደጋ መጋለጣቸውን አስታውቋል።

እንጦጦ አረንጓዴ ስለሆነ ለእንቁራሪት ይመቻል ማለትም አይቻልም። አብዛኛው ደን በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ባሕር ዛፍ ነው፤ ውኃ በብዛት ይስባል፣ ከሥሩም ሣር እምብዛም አይበቅልም። እንቁራሪት የምትፈልገው ረግረግ፣ የሚቆፈር ለስላሳ አፈርና ንጹሕ የምንጭ ውኃ ነው። ከእንጦጦ የሚወርዱት እንደ ቀበና ያሉ ወንዞች ከተማው ውስጥ ሲገቡ ቆሻሻ ይጨመርባቸዋል፤ ዳርቻቸውም በግንብ ይታሰራል።

ስለዚህ የወንዝ ዳርቻ የሚያለሙ ሁሉ ከግንቡ ጎን ሣር የለበሰ፣ ሲሚንቶ ያልነካው ረግረግ ያስቀሩ። የአካባቢው ነዋሪም የልብስ እጣቢና የዘይት ዝቃጭ ወደ ወንዙ አይድፋ፤ እንቁራሪትንም ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው አያጓጉዝ፤ ፈንገሱ አብሮ ይሄዳልና።