194,313

ይህችን ቁጥር ማገላበጥ የጀመርኩት ነፋስ መውጫ አጎቴ ዘንድ ያደርኩ ማታ ነው። አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ ድጓቸውን ያስመሰከሩት እዚያው ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው። ሠርግ ያሰበ ሁሉ ከስማዳም ከእስቴም ይደውልላቸዋል። ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ ሳያውቅ ጠላ የሚጠምቅ የለማ!

እራት በልተን ባሕረ ሐሳብ ተነሣ። "ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው፤ በቀን ስንት ይሆናል?" አሉኝ። ስልኬን አወጣሁ። 532 ጊዜ 365፣ 194,180።

"እስቲ በሰባት ግደፈው።"

27,740 ሳምንት፣ ቀሪ የለውም። "ልክ ነው!" አልኩ ኮራ ብዬ።

"ሉቃስን የት ጣልከው?"

ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። በ532 ዓመት ውስጥ ደግሞ 133 ሉቃስ አለ። 133 ቀን ውጫለሁ ማለት ነው። ትክክለኛው 194,313 ነበር።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው፤ በሰባት ስገድፈው ስሕተቴ ለምን አልተያዘም? ለካ የዋጥኩት 133 ራሱ ድፍን 19 ሳምንት ነው! ትክክሉም ስሕተቱም በሰባት ያልቃሉ። የሚያጋልጠኝ 1,461 ነው፤ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያሉት የአራት ዓመታት ቀን። 194,313 ለ1,461 ሲካፈል ድፍን 133 ይደርሳል፤ የእኔው 1,328 ይተርፈዋል።

ቁጥሯን እስከ ጥግ ስትሸነሽኗት 3 × 7 × 19 × 487 ናት። 487 ከራሱና ከ1 በቀር ለማንም አይከፈልም። 3 እና 487 ተባዝተው 1,461ን ይሠራሉ፤ 7 የሳምንት ነው፣ 19 የጨረቃ። (አኃዞቿ ሲደመሩ 21፣ ማለትም 3 × 7 ይመጣል። እሱ እንኳ አጋጣሚ ነው።) 532 ግን 4 × 7 × 19 ነው። አራቱ የት ገባ? በየዓመቱ የምትተርፈው ሩብ ቀን በላችው፤ 365 ከሩብ በአራት ሲባዛ 1,461፣ ጎዶሎ ቁጥር ነው።

1,461 በሰባት ሲገደፍ 5 ይተርፋል። ስለዚህ የዘመነ ማቴዎስ እንቁጣጣሽ በየአራት ዓመቱ አምስት ዕለት ወደፊት ይሄዳል። ወደ መነሻ ዕለቱ የሚመለሰው ሰባት ጊዜ ሄዶ፣ በ28 ዓመቱ ነው። ጨረቃ ደግሞ በ19 ዓመት 235 ጊዜ ትታደሳለች። 28 እና 19 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው አብረው የሚገጥሙት በ532ኛው ዓመት ብቻ ነው። ያኔ ፋሲካ በቀኑም በወሩም እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ በ1486፣ በዐፄ እስክንድር ጊዜም ሚያዝያ 4 ነበር።

ዓመተ ዓለሙን፣ 5,500 ሲደመር 2018ን፣ ለ532 ብናካፍል 14 ደርሶ 70 ይተርፋል። 15ኛው ቀመር የገባው መስከረም 1949 ነው። አጎቴ "እኔም ያን ዓመት ነው የተወለድሁ፤ ከቀመሩ ጋር እኩያ ነን" ይላሉ።

ጠዋት ቡና ላይ ልበቀላቸው ሞከርኩ። 235 ጨረቃ ከ19 ዓመቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል፤ በአንድ ዐቢይ ቀመር ጨረቃዋ ከስሌቱ ወደ 41 ሰዓት ትቀድማለች አልኳቸው።

ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ትቅደማ። እኛን ምን አስቸኮለን?"