የኪስ ስልክና የወንድ ዘር

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የጋምቤላ ጎልማሶች ነፋስ ፍለጋ ወደ ባሮ ወንዝ ዳር ይወርዳሉ። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ ልብስ ስስ ነው፤ ስልክ የሚገባውም የፊት ኪስ ውስጥ ነው። ከዚያ ኪስ እስከ ዘር ፍሬው ስንዝር አይሞላም። «ይኼ ነገር ልጅ ይከለክላል የሚሉት እውነት ነው?» የሚለው ጥያቄ በሹክሹክታ ይነሣል። ቀላል ጥያቄ አይደለም። በዚያ በሚኖረው በኑዌር ሕዝብ ባህል ትዳር ሙሉ የሚባለው የጥሎሹ ከብት ሲነዳ ሳይሆን የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ነው። ልጅ ሲዘገይ የሚጨነቁት ባልና ሚስቱ ብቻ አይደሉም፤ የሁለቱም ወገን ዘመድ ነው።

ስልክ የሬዲዮ ማሠራጫም መቀበያም ነው። ጨረሩ እንደ ራጅ ሰውነትን ዘልቆ የዘር ቅንጣትን የሚሰብር ኃይል የለውም፤ ከሬዲዮ ጣቢያ ሞገድ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሥራው ገላን በጥቂቱ ማሞቁ ነው። ኃይሉ ግን እንደየቦታው ይለዋወጣል። ታወር ሲቀርብ ስልኩ ያንሾካሹካል፤ ታወር ሲርቅ ይጮኻል። ቱጂ ስልክ ሙሉ አቅሙን ሲያወጣ እስከ 2 ዋት ይደርሳል፤ ስሪጂ ከሩብ ዋት ብዙም አያልፍም፤ ኔትወርኩ ጥሩ ከሆነ ደግሞ የዚያን ኢምንት ብቻ ይለቃል። ስለዚህ ከተማ መሐል በእርጋታ የሚያወራው ስልክ፣ ወደ ጂካዎ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ መስመር ኔትወርክ ሲቀርለት ሌላ ስልክ ይሆናል ማለት ይቻላል። ሲሞቅና ባትሪው ቶሎ ሲያልቅ ጩኸቱን በእጅ መዳሰስ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኪስ ውስጥ ዝም ያለ ስልክ ባብዛኛው ሰሚ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ያለበትን ለታወሩ ያሳውቃል። ኤፍኤም ማዳመጥ ወይም ከሚሞሪ ዘፈን መስማትም ጨረር አያስለቅቀውም። ስልኩን ኪስ ከትቶ በጆሮ ማዳመጫ ረጅም ወሬ ማውራት ግን ሌላ ነው፤ ጆሮ ቢያርፍም ጩኸቱ በሙሉ ታች ይሆናል። ዳታ እንደበራ ኪስ ውስጥ መተውም ስልኩን ደጋግሞ ያናግረዋል።

ጥናቱስ? የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2018 ድረስ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 22 የሆኑ 2,886 የስዊዘርላንድ ወጣቶችን መረመሩ። በቀን ከ20 ጊዜ በላይ ስልክ የሚጠቀሙት በአንድ ሚሊ ሊትር የዘር ፈሳሽ 44.5 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ ሲኖራቸው፣ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ የማይጠቀሙት 56.5 ሚሊዮን ነበራቸው። ልዩነቱ የጎላው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነበር፤ ቱጂ ለስሪጂና ለፎርጂ ቦታውን ሲለቅ እየደበዘዘ ሄደ። የሚገርመው፣ ስልኩን ኪስ ውስጥ ማኖር ለብቻው ልዩነት አላሳየም። ደግሞም የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ዝቅተኛ መለኪያ 16 ሚሊዮን ነው፤ ሁለቱም ቡድኖች ከዚያ እጅግ በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአሜሪካና የዴንማርክ ጥናትም ልጅ ለመውለድ የሚሞክሩ ጥንዶችን ተከታትሎ፣ ስልክን የፊት ኪስ ውስጥ መያዝ እርግዝናን ያዘገያል የሚል ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። በሌላ በኩል ቤተ ሙከራ ውስጥ ለስልክ ጨረር የተጋለጠ የዘር ፈሳሽ እንቅስቃሴው እንደሚቀንስ ያሳዩ ሙከራዎች አሉ። እኔ ከዚህ የምረዳው ጥርጣሬው መሠረት እንዳለው፣ ስልክን ለመካንነት ተጠያቂ ማድረግ ግን ማስረጃው የማይሸከመው ፍርድ መሆኑን ነው።

የሚያሳስበኝ ደግሞ ስልኩ ሌላውን ሁሉ እንዳይጋርድ ነው። የዘር ፍሬ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ከ37 ዲግሪ በ2 እስከ 4 ዲግሪ መቀዝቀዝ ስለሚፈልግ ነው። ጋምቤላ ወባ የሚበረታባት ቆላ ናት፤ ብርቱ ትኩሳት ካለፈ በኋላም የዘር ብዛት ለሳምንታት ሊቀንስ ይችላል። ቀኑን ሙሉ በባጃጅ ወንበር ላይ መቀመጥም ያንን ቅዝቃዜ ይነሣል። በጊዜው ያልታከመ ጨብጥ የዘር መተላለፊያውን ሊደፍን ይችላል። ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ ፍሬውን ሊያሳብጥ ይችላል። በፍሬው ዙሪያ ያሉ የደም መልስ ሥሮች መስፋትም ሌላው ምክንያት ነው፤ በቀላል ምርመራ ይገኛል፤ ሲጋራውም አለ።

ሆኖም ልጅ ሲዘገይ ወደ ጤና ተቋም የምትላከው ሚስት ናት፤ ወደ ጸሎትም፣ ወደ ባህል መድኃኒትም። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ አለበት። የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከሴቷ ይልቅ ቀላል ነው፦ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ በንጹሕ ዕቃ ናሙና መስጠት፣ ከዚያም ማይክሮስኮፕ። ውጤቱ ሲነበብ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አንድ የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ገደማ ይፈጃል። በየካቲት አጋማሽ የተሰጠ ናሙና የሚናገረው በታኅሣሥ መጀመሪያ ስለተጀመረ ሥራ ነው፤ ሰውየው ያኔ ወባ ይዞት እንደነበር፣ ምን እንደለበሰ፣ ስልኩንም የት አድርጎ ያወራ እንደነበር።