የኳንተም ኮምፒውተር ተስፋና እንቅፋት

በዛሬው ንግግራችን ኳንተም ኮምፒውተር ስለሚባለው የስሌት መሣሪያ ባጭሩ እናስረዳለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የተለመደው ኮምፒውተር ማናቸውንም ነገር ዜሮ ወይም አንድ ብሎ ይይዛል። የኳንተሙ ቅንጣት፣ ማለት ኩቢት፣ እስኪለካ ድረስ ሁለቱን አዋሕዶ ሊይዝ ይችላል፤ ሲለካ ግን አንዱን ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ጥበቡ የተሳሳቱት መልሶች እርስ በርሳቸው እንዲጠፋፉ፣ ትክክለኛውም እንዲጐላ የሥራውን ቅደም ተከተል ማዘጋጀት ነው፤ ይኸውም አልጎሪዝም ይባላል። አሜሪካዊው ፒተር ሾር በ1994 ያወጣው አልጎሪዝም አንድ ትልቅ ቍጥር ከየትኞቹ ቍጥሮች ብዜት እንደ ተገኘ ፈልጎ ያወጣል። ብዙ ምስጢር የሚቈለፈው በዚሁ ፍለጋ አስቸጋሪነት በመተማመን ስለ ሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ታዲያ እስካሁን ለምን አልተፈጸመም? ይሉ ይሆናል። ምክንያቱ ስሕተት ነው። ኩቢት ጥቂት ሙቀት ቢነካው የያዘውን ያጣል፤ ስለዚህም አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ በሚጠጋ ብርድ ውስጥ ይቀመጣሉ። ይህም ሆኖ ከ1,000 እርምጃ አንዱ ይሳሳታል እንበል፤ 1,000 እርምጃ ያለው ስሌት ያለ ስሕተት የሚፈጸመው ከ100 ጊዜ 37 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። እርምጃው 5,000 ሲሆን ከ100 አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም። የሾር ስሌት ግን በቢሊዮን የሚቈጠር እርምጃ ይፈልጋል።

ስለዚህ ሊቃውንቱ ሥራውን ከፈሉት። በ2014 በታተመ ዘዴ የኳንተሙ መሣሪያ አጭሩን ክፍል ብቻ ይሠራል፤ ለምሳሌ የአንድን ሞለኪውል ጉልበት ይለካል። የተለመደው ኮምፒውተር ውጤቱን አይቶ ቍጥሮቹን ያስተካክልና መልሶ ያዘዋል። ነገር ግን ልኬቱ እጅግ ብዙ ጊዜ መደጋገም ስላለበት፣ ስሕተቱም ስለማይለቀው፣ የዘዴው ብልጫ ገና አልተረጋገጠም።

ሁለተኛው መንገድ ብዙ ኩቢቶች ተባብረው አንዱን እንዲጠብቁ ማድረግ ነው። በ2024 ጉግል 105 ኩቢት ባለው መሣሪያ፣ ጠባቂዎቹ ሲበዙ ስሕተቱ እንደሚቀንስ አሳየ። የታወቀውን ቍልፍ በሾር ዘዴ ለመክፈት በ2019 የተገመተው 20 ሚሊዮን ኩቢት ነበር፤ በ2025 ግምቱ ከ1 ሚሊዮን በታች ወረደ።

እንግዲህ የኩቢት ብዛት ሲነገርዎ፣ «ስንት እርምጃ ሳይሳሳት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁ። ደግሞም ዛሬ ተቈልፎ የተላከ ጽሑፍ ተቀድቶ ቢቀመጥ ነገ ሊከፈት ይችላል። ለ20 ዓመት በምስጢር መቈየት የሚገባው መዝገብ በእጅዎ ካለ ጉዳዩ የዛሬ ነው። የአሜሪካ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ይህን ለመቋቋም የታሰቡ 3 የምስጢርና የፊርማ መጠበቂያ ደረጃዎች በ2024 አውጥቷል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።